ስለ ሞሪሽየስ ደሴት ደንና አዕዋፍ ታሪክ

መግቢያ

ከማዳጋስካር በስተ ምሥራቅ፤ በሕንድ ውቅያኖስ መካከል፤ ሞሪሽየስ የምትባል ደሴት ትገኛለች። ስፋቷ 1865 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍተኛው ተራራዋም 828 ሜትር ብቻ ነው። በየዓመቱ ከአውሮፓ፤ ከእስያና ከአፍሪካ ብዙ አገር ጐብኚ ይሄድባታል። እንግዳው ከአውሮፕላን ወርዶ በመኪና ሲጓዝ በመንገዱ ግራና ቀኝ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ያያል፤ ወደ ተራራው ሲወጣ ጦጣዎች ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲዘሉ ይመለከታል፤ ዕድል ከገጠመው አጋዘን በደን ዳር ሲግጥ ያገኛል፤ ወቅቱም ከሆነ ትንንሹንና ቀዩን ዘይቱን ከቍጥቋጦ ላይ እየቀጠፈ ይበላል። ማታ ወደ ማደሪያው ሲመለስም «የደሴቲቱን ተፈጥሮ አየሁ» ብሎ ለወዳጆቹ ይጽፋል።

ነገር ግን ከእነዚህ ከአራቱ አንዱ እንኳ የደሴቲቱ ተወላጅ አይደለም። ሸንኮራ አገዳውንና አጋዘኑን በ1639 ሆላንዶች ከጃቫ አመጧቸው። ጦጣውን ያስገቡት መርከበኞች ናቸው። ዘይቱኑም ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ተክል ነው። የደሴቲቱ የራሷ የሆነው ደን ሳይበላሽ የቀረው ከመላው መሬት ከመቶ ሁለት እጅ በማይሞላ ስፍራ ነው።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ነገር ይህ ነው፤ የሞሪሽየስን ተፈጥሮ ታሪኳን ሳያውቁ ቢያዩት ከሚታየው ይልቅ የሚሰወረው ይበዛል። በዚያች ደሴት ጠፍቶ የቀረው ፍጡር በሰው ምክንያት ጠፍቷል፤ ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው የዳነውም በሰው ድካም ድኗል። ስለዚህ አንባቢው እንደ ጐብኚ ሆኖ አራት ስፍራዎችን በዘመን ተራ እንዲያይልን እንጋብዛለን፤ እነርሱም አንድ ረግረግ፤ አንድ የአትክልት ስፍራ፤ አንድ ሸለቆና አንዲት ትንሽ ደሴት ናቸው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

የዶዶ መቃብር

በደቡብ ምሥራቁ ጠረፍ፤ ዛሬ የአውሮፕላን ማረፊያው ካለበት ሳይርቅ፤ ማር ኦ ሶንዥ የሚባል ረግረግ አለ። ለዓይን የሚያስደስት ነገር የለውም። ሆኖም በ1865 ጆርጅ ክላርክ የተባለ እንግሊዛዊ የትምህርት ቤት መምህር ከዚህ ረግረግ ውስጥ የዶዶን አጥንት በብዛት አስወጣ። ዛሬ በልዩ ልዩ አገር ቤተ መዘክሮች ቆሞ ከሚታየው የዶዶ አፅም የሚበዛው ከዚህ የተገኘ ነው። በ2005ም ሊቃውንት ተመልሰው በቈፈሩት ጊዜ አራት ሺህ ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው የዶዶና የኤሊ አጥንት ተከማችቶ አገኙ።

ዶዶ የርግብ ዘመድ ነው። ቁመቱ አንድ ሜትር ያህል ሲሆን መብረር አይችልም ነበር። ይህ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። ደሴቲቱ ከባሕር ውስጥ በእሳተ ገሞራ የወጣች ስለሆነች ከየብስ ጋራ ተገናኝታ አታውቅም፤ ከሌሊት ወፍ በቀር ጡት የሚያጠባ የምድር አውሬ አልነበረባትም። እንቁላሉን የሚሰርቅ፤ ጫጩቱን የሚያንቅ ጠላት በምድር ላይ ስለሌለ የወፉ ክንፍ በብዙ ዘመን ውስጥ ደከመ፤ እንቁላሉንም በመሬት ላይ መጣል ልማዱ ሆነ።

ሰው በደሴቲቱ ላይ ተቀምጦባት አያውቅም ነበር። የዐረብና የፖርቱጋል መርከበኞች ቢያውቋትም አልሰፈሩባትም። በመስከረም 1598 የሆላንድ መርከቦች ደረሱና በልዑላቸው በማውሪትስ ስም ሰየሟት። መርከበኞቹ ዶዶን ባዩ ጊዜ «አስጸያፊ ወፍ» የሚል ስም አወጡለት፤ ሥጋው ብዙ ቢቀቀልም ጠንካራ ሆኖባቸው ነበርና።

ዶዶን ማን አጠፋው? በብዙ መጻሕፍት የሚነበበው መልስ «መርከበኞች በልተው ጨረሱት» የሚል ነው። ይህ መልስ ግን ቢመረመር ሙሉ ሆኖ አይገኝም። በመጀመሪያ፤ ከ1638 ጀምሮ የሰፈሩት ሆላንዶች ከነባሮቻቸው ቁጥራቸው ከጥቂት መቶ አይበልጥም ነበር፤ ደሴቲቱም በጥቅጥቅ ደን የተሸፈነች ነበረች። ሁለተኛ፤ ከላይ እንደተናገርነው ሥጋው አልተወደደም። ሦስተኛ፤ በሆላንዶች ምሽግ ስፍራ በተደረገው ቍፋሮ ከተበላ እንስሳ ከተገኘው አጥንት መካከል የዶዶ አጥንት አልታየም። ስለዚህ ዋናው ጥፋት የመጣው ከሰዎቹ ይልቅ ከመርከቦቻቸው ጋራ በወረዱት አይጦች፤ ዐሣሞችና ጦጣዎች ነው ማለት ይሻላል። እነዚህ እንስሳት በመሬት ላይ የተጣለውን እንቁላል በየጊዜው ሲበሉት የሚተካ ትውልድ ታጣ። ሰው ሳያስበው ጥፋቱ ተፈጸመ።

ዶዶን በዓይናችን አየን ብለው ከጻፉት የመጨረሻው በሰፊው የታመነ ምስክር በ1662 የተጻፈው ነው። ምናልባት እስከዚያ መቶ ዓመት መጨረሻ ጥቂት ቀርተው ይሆናል፤ ይሁን እንጂ ሆላንዶች ደሴቲቱን ለቀው በ1710 ሲሄዱ ዶዶ አልነበረም። በኋላም ሰዎች ወፉን እስከ መርሳት ደረሱ፤ እንዲያውም የመርከበኞች ተረት ነው የሚሉ ተነሡ። በ1848 ስትሪክላንድና መልቪል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በጻፉት መጽሐፍ የቀረውን ጥቂት አጥንትና የጥንቱን ምስክርነት ሰብስበው ወፉ በእርግጥ እንደ ነበረ፤ የጠፋውም በሰው ምክንያት እንደ ሆነ አስረዱ። አንድ ፍጡር በሰው ምክንያት ፈጽሞ ሊጠፋ እንደሚችል ዓለም ከተማረባቸው ምሳሌዎች የመጀመሪያው ይህ ነው ለማለት ይቻላል።

ስለ ዶዶ የሚነገረውን ሁሉ ግን ሳይመረምሩ መቀበል አይገባም። በ1977 አንድ አሜሪካዊ ሊቅ ታምባላኮክ የሚባለው የደሴቲቱ ዛፍ ፍሬውን ዶዶ ካልዋጠው አይበቅልም፤ ስለዚህ ዛፉም ከወፉ ጋራ ሊሞት ነው ሲል ጽፎ ነበር። ነገሩ ልብ የሚነካ ስለሆነ በመላው ዓለም ተሰማ። ሌሎች ሊቃውንት ሲመለከቱት ግን ከዶዶ መጥፋት ወዲህ የበቀሉ ዛፎች ተገኙ፤ ፍሬውም ሳይዋጥ ሊበቅል እንደሚችል ታወቀ። ዛፉን የሚጐዱት ጦጣዎችና ባዕድ አረሞች ናቸው።

የፓምፕልሙስ አትክልት ስፍራና የሸንኮራ ዘመን

ሆላንዶች ከሄዱ በኋላ ፈረንሳዮች በ1715 ደሴቲቱን ያዙ፤ «የፈረንሳይ ደሴት» ብለውም ጠሯት። በ1735 ገዥ ሆኖ የመጣው ማሄ ደ ላ ቡርዶኔ በሰሜን በኩል በፓምፕልሙስ የመኖሪያ ቤትና የአትክልት ቦታ አቋቋመ። በ1767 የመንግሥት ሹም ሆኖ የመጣው ፒየር ፕዋቭር ይህንኑ ቦታ ታላቅ የአትክልት ስፍራ አደረገው። በዚያ ዘመን ገውዝና ቅርንፉድ የሚገኙት ሆላንዶች ከሚጠብቋቸው የሞሉካ ደሴቶች ብቻ ነበር፤ ዋጋቸውም ውድ ነበር። ፕዋቭር ሰዎች ልኮ ችግኙን አስመጣና በፓምፕልሙስ ተከለው።

ዛሬ ይህ ስፍራ በሞሪሽየስ የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር በሰር ሲዉሳጉር ራምጉላም ስም ይጠራል። እንግዳው ከሁሉ አስቀድሞ የሚሄደው ከአማዞን ወደ መጣው የውሃ አበባ ኵሬ ነው። የአበባው ቅጠል እንደ ሰፊ ትሪ ጠርዙ ወደ ላይ ታጥፎ በውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ታሊፖት የሚባለውም ዘንባባ አለ፤ ይህ ዛፍ ብዙ ዐሥር ዓመታት ቆይቶ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ካበበም በኋላ ይሞታል።

ነገር ግን የፕዋቭር ሥራ ከቅመማ ቅመም የሚበልጥ ነበር። ደን ሲጨፈጨፍ ዝናብ ይቀንሳል፤ አፈርም ይጠረጋል ብሎ ያምን ነበርና በ1769 የደን ሕግ እንዲወጣ አደረገ። በሕጉ መሠረት መሬት የተሰጠው ሰው ሁሉ ከመሬቱ አራተኛውን እጅ፤ ይልቁንም የተራራውን ገደል፤ በደን እንደ ተሸፈነ መተው ነበረበት፤ በወንዝ ዳር ያለውም ዛፍ እንዳይቈረጥ ተከለከለ። በቅኝ አገር ደንን ለመጠበቅ ከወጡት ሕጎች ይህ ከጥንታውያኑ አንዱ ነው።

ሕጉ ቢወጣም ጥቅሙ አሸነፈ። እንግሊዞች በ1810 ደሴቲቱን ያዙ፤ በ1825 የሞሪሽየስ ስኳር በእንግሊዝ ገበያ ከምዕራብ ሕንድ ደሴቶች ስኳር ጋራ በቀረጥ እኩል ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሸንኮራ አገዳ ሜዳውን ሁሉ ሸፈነው። ጥንት ሆላንዶች ለንግድ የቈረጡት ዞጲ የተባለው ጥቁር እንጨት ነበር፤ አሁን ግን ደኑ በሙሉ ለእርሻና ለስኳር ፋብሪካ ማገዶ ወደቀ።

ይህን ስንጽፍ ሸንኮራውን ለመርገም አይደለም። የደሴቲቱ ሕዝብ ራሱ የመጣው በሸንኮራው ምክንያት ነው። በመጀመሪያ ከማዳጋስካርና ከአፍሪካ ምሥራቅ ጠረፍ በባርነት የተነዱ ሰዎች ለፉበት፤ ባርነት በ1835 ሲቀር ከሕንድ በውል የተቀጠሩ ወደ 450 ሺህ የሚሆኑ ሠራተኞች ተራ በተራ መጡ። ለብዙ ትውልድ እንጀራ የሆነ ተክል ነው። ደኑም ለተጨቈኑት ባለውለታ ነበር። በደቡብ ምዕራብ ጫፍ፤ ከባሕር ዳር ድንገት ቀጥ ብሎ የቆመው ሌ ሞርን የሚባለው አምባ ከጌቶቻቸው የጠፉ ባሮች መሸሸጊያ ሆኖ ቆይቷል። ዩኔስኮም በ2008 በዓለም ቅርስ መዝገብ የጻፈው ስለ ቁንጅናው ሳይሆን ስለዚህ ታሪኩ ነው። የአገሪቱ ብሔራዊ አበባ የሆነችው ቀይ አበባም በዚሁ ተራራ ገደል ላይ ትበቅላለች። እንግዲህ ደኑ ሲጠፋ የወፎች መኖሪያ ብቻ ሳይሆን የሰው ትዝታም አብሮ ይጠፋ ነበር።

የጥቁር ወንዝ ሸለቆ

ከጥንቱ ደን የተረፈው የሚበዛው በደቡብ ምዕራቡ ተራራማ ስፍራ ነው። ይህም በ1994 የጥቁር ወንዝ ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ተከለለ፤ ስፋቱ ከ6500 ሄክታር ይበልጣል። እንግዳው ከመመልከቻው ላይ ቆሞ ወደ ታች ሲመለከት ጥልቁ ሸለቆ በአረንጓዴ ተሞልቶ ያያል፤ ነጭ የባሕር ወፎችም ረዥም ጭራቸውን እየጐተቱ ከገደሉ በታች ሲያንዣብቡ ይታያሉ። ነገር ግን እዚህም ቢሆን አረንጓዴ ሁሉ አንድ አይደለም። ከሩቅ ደን መስሎ የሚታየው አብዛኛው ባዕድ ቍጥቋጦ ነው። ጠባቂዎቹ አጥር አጥረው አረሙን በእጅ እየነቀሉ ያጸዷቸው ቦታዎች አሉ፤ በእነዚህ ውስጥ የአገሩ ዛፍ ችግኝ እንደ ገና ሲበቅል ይታያል።

የዚህ ሸለቆ ትልቁ ታሪክ የአንዲት ትንሽ ጭልፊት ታሪክ ነው። የሞሪሽየስ ጭልፊት ከዚህች ደሴት በቀር በዓለም የትም አትገኝም። ደኑ በመመንጠሩ መኖሪያዋ ጠበበ፤ ጦጣ፤ ድመትና በ1900 ገደማ አይጥ እንዲያጠፋ ከሕንድ የመጣው ሙጭልጭላ ልጆቿን ፈጇቸው። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም ወባን ለማጥፋትና ለእርሻ ዲ.ዲ.ቲ. በብዛት ተረጨ። ወባው መጥፋቱ ለሰው ታላቅ ደስታ ነበር፤ መርዙ ግን በነፍሳትና በእንሽላሊቶች በኩል አልፎ ወደ ጭልፊቷ ደረሰና የእንቁላሏን ቅርፊት አሳሳው። በ1974 በዱር መኖራቸው የታወቀው ጭልፊቶች አራት ብቻ ነበሩ።

ብዙ ሰዎች ተስፋ ቈርጠው ነበር። በ1979 ካርል ጆንስ የተባለ የዌልስ ተወላጅ ወጣት ወደ ደሴቲቱ መጣ። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ጭልፊቷ የጣለቻቸውን የመጀመሪያ እንቁላሎች ከገደሉ ላይ ወስዶ በማሞቂያ ይፈለፍላቸዋል፤ እናቲቱም እንቁላሏ ሲወሰድባት ሌላ ትጥላለች። ጫጩቶቹንም በእጅ አሳድጎ ወደ ዱር ይመልሳቸዋል፤ በዱር ላሉትም ተጨማሪ ምግብ ይሰጣል። በዚህ ዓይነት ቁጥራቸው ከዓመት ወደ ዓመት ከፍ እያለ ሄዶ በመቶ የሚቈጠሩ ሆኑ። ሐምራዊ ርግብ የምትባለውም በ1990 ገደማ በዱር ዐሥር ያህል ብቻ ቀርታ ነበር፤ ዛሬ ከ400 በላይ ሆናለች። የደሴቲቱ አረንጓዴ በቀቀንም እንዲሁ ከጥቂት ወፎች ተነሥቶ ወደ ብዙ መቶ ደርሷል።

ሆኖም ድሉ ፍጹም ነው ብሎ መዝጋት ስሕተት ይሆናል። ጭልፊቷ በ1994 ከብርቱው የአደጋ መዝገብ ዝቅ ተደርጋ ነበር፤ በ2014 ግን ቁጥሯ እንደ ገና ስለ ቀነሰ ወደዚያው ተመለሰች። ፍሬ በላዋ ትልቅ የሌሊት ወፍም ሌላ ምሳሌ ናት። ገበሬዎች «ሊቺያችንንና ማንጎአችንን ጨረሰችብን» ብለው ስለ ጮኹ ከ2015 ጀምሮ መንግሥት በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ እንዲገደሉ አደረገ። የገበሬው እሮሮ ሐሰት አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ይህች የሌሊት ወፍ የአገሩን ዛፍ ዘር የምትዘራ ናት። በ2018 ከሚያሠጋቸው ፍጡራን ጋራ ተቈጥራለች። ሰው ከተፈጥሮ ጋራ ያለው ክርክር በሞሪሽየስ ገና አላለቀም።

ኢል ኦ ዜግሬት

አራተኛው ስፍራ በደቡብ ምሥራቅ፤ ከማሄቡርግ ፊት ለፊት፤ ከጠረፉ አንድ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ያለችው ኢል ኦ ዜግሬት ናት። ስፋቷ 26 ሄክታር ያህል ነው። ምድሯ እንደ ዋናዋ ደሴት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሳይሆን ከኮራል የተገኘ ኖራ ድንጋይ ነው። እንግዳ የሚገባባት በጀልባና በመሪ ብቻ ነው።

ይህችም ደሴት ሳትጐዳ አልቀረችም። እንጨቷ ለማገዶ ተቈርጧል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም እንግሊዞች መድፍ ተክለውባታል፤ ፍርስራሹ እስከ ዛሬ ይታያል። በ1965 የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ሆነች፤ ከ1980ዎቹ ወዲህም የሞሪሽየስ የዱር ሕይወት ድርጅት አይጦቹን አጥፍቶ፤ አረሙን ነቅሎ፤ የአገሩን ዛፍ በብዙ ሺህ ችግኝ ተከለባት። ዛሬ ሐምራዊቱ ርግብ ከራስ በላይ ባለው ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ ትታያለች።

ከሁሉ የሚያስደንቁት ግን ትልልቆቹ ኤሊዎች ናቸው። ሞሪሽየስ የራሷ የሆኑ ሁለት ዓይነት ትልልቅ ኤሊዎች ነበሯት፤ መርከበኞች ሥጋቸውን ወደዱትና ሁለቱም ጠፉ። በ1874 ቻርልስ ዳርዊንና ሌሎች ሊቃውንት ለሞሪሽየስ ገዥ ደብዳቤ ጽፈው በአልዳብራ ደሴት የቀሩት ኤሊዎች እንደ ሌሎቹ እንዳይጠፉ እንዲጠበቁ ለመኑ። የአልዳብራ ኤሊዎች ተረፉ። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፤ በ2000፤ የእነዚሁ ኤሊዎች ዘር በጠፉት ምትክ ወደ ኢል ኦ ዜግሬት ገባ። ኤሊዎቹም ከዞጲው ዛፍ ሥር የወደቀውን ፍሬ እየበሉ ዘሩን በየስፍራው በተኑት፤ በሆዳቸው ያለፈውም ዘር ካላለፈው ይልቅ በደንብ በቀለ። ዞጲው ዘሩን የሚሸከምለት አጥቶ በእናት ዛፍ ሥር ብቻ ሲወድቅ ቆይቶ ነበር፤ አሁን ከሌላ ደሴት የመጣ እንግዳ ሥራውን ተረከበለት። መጻተኛ እንስሳ ሁሉ ጠላት እንዳልሆነ ይህ ያስረዳል፤ አስቦና መዝኖ ያመጣው ሰው ካለ ጠጋኝ ይሆናል።

መደምደሚያ

ሐምሌ 25 ቀን 2020 ዋካሺዮ የሚባል ትልቅ የዕቃ መርከብ ከዚህችው ትንሽ ደሴት ሳይርቅ በኮራሉ ላይ ወጣ፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ ተሰንጥቆ ወደ አንድ ሺህ ቶን የሚሆን ዘይት በባሕሩ ላይ ፈሰሰ። በዚያን ጊዜ የደሴቲቱ ሕዝብ ማንንም ሳይጠብቅ ወደ ጠረፉ ወረደ፤ የሸንኮራ አገዳ ገለባ በጨርቅ እየጠቀጠቀ ዘይቱን የሚያግድ ረዥም ከረጢት ሰፋ። የድርጅቱም ሰዎች ብርቅ የሆኑ ወፎችንና ችግኞችን በጀልባ ወደ ዋናው ደሴት አሻገሩ። ደኑን አስመንጥሮ የነበረው ሸንኮራ በዚያ ቀን ለደኑ ጋሻ ሆነ።

ከ1598 እስከ 2020 ያለውን ዘመን አንድ ላይ ስናየው ሁለት መርከቦች በአንድ ጠረፍ ይገናኛሉ። የመጀመሪያው በመጣ ጊዜ ምን እንደሚጠፋ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ማንም አላዘነም። ሁለተኛው በመጣ ጊዜ ግን ሕዝቡ ምን እንዳለው ያውቅ ነበርና ለማዳን ተሯሯጠ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ዕውቀት ነው፤ ዕውቀቱም የተገኘው በረግረግ ውስጥ አጥንት ከለቀሙ፤ ሕግ ከጻፉ፤ በገደል ላይ እንቁላል ካወረዱና አረም ከነቀሉ ሰዎች ነው።

ስለዚህ ወደ ሞሪሽየስ የሚሄድ ሰው በባሕር ዳር ማረፉን አንነቅፍም። ነገር ግን ከቀኖቹ አንዱን ለኢል ኦ ዜግሬት፤ አንዱን ለጥቁር ወንዝ ሸለቆ ይስጥ። በሄደበትም ሁሉ ያየውን ዛፍና እንስሳ «አንተ የዚህ አገር ተወላጅ ነህን? ወይስ ማን አመጣህ?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱን ያገኘ ጐብኚ ከአረንጓዴው መካከል የትኛው ሊጠበቅ እንደሚገባው ለይቶ ይመለሳል።